ውሃውን ሳታደፈርስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም ለዓለማት እዝነት ሆነው በተላኩት በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

 

በአሜሪካ ፍሎሪዳ የሚኖር አንድ የድሮ የመድረሳ ጓደኛዬ ሰሞኑን በቴሌግራም አጭር ቪዲዮ ላከልኝ። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ጓደኛዬ ጥርት ባለ ውሃ ላይ በሆዱ ተንሳፏል። ፊቱን የዋና መነጽር ሸፍኖታል፤ ስኖርክል የሚሉት የመተንፈሻ ቱቦ ጫፉ ከውሃው በላይ ይታያል። ሁለት እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሯል፤ ሶላት ላይ የቆመ ሰው ይመስላል። ከሥሩ አንድ ትልቅ ግራጫ ድንጋይ የመሰለ ነገር አለ። ድንጋዩ ቀስ ብሎ ተነሳ። ለካ ፊት አለው፤ ሪዝ አለው፤ ትንንሽ ዓይኖች አሉት። ወደ ጓደኛዬ ተጠጋ፣ አየው፣ አፍንጫውን ከውሃው በላይ አውጥቶ አንዴ ተነፈሰና ተመልሶ ወደ ታች ወረደ። ጓደኛዬ ከቦታው አልተነቃነቀም።

"እንዴት አንዴ እንኳ በእጅህ ሳትነካት?" ብዬ ጻፍኩለት። በድምፅ መለሰልኝ፦ "ወላሂ እጄን አሳክኮኝ ነበር። ግን ከመግባታችን በፊት አስጎብኚዋ አንድ ነገር ነገረችን። ይህች እንስሳ እዚህ የመጣችው ብርድ ሸሽታ ነው፤ ከዚህ ካስበረገጋችኋት የምትሄደው ወደሚገድላት ውሃ ነው አለችን። ይህን ከሰማሁ በኋላ እጄ እሺ አላለኝም።"

ያ መልስ ለቀናት ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። አስቀድመን ግን ስለዚህች የአላህ ፍጡር ትንሽ እንወቅ።

ስሟ ማናቲ ይባላል። ዓሣ አይደለችም። በሳንባ የምትተነፍስ፣ ልጇን የምታጠባ፣ ሳር በል እንስሳ ናት። ስታድግ ርዝመቷ 3 ሜትር፣ ክብደቷ 500 ኪሎ ግራም አካባቢ ይሆናል። በየ3 እና በየ5 ደቂቃው ለመተንፈስ ብቅ ትላለች፤ ስታርፍ ግን እስከ 20 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ልትቆይ ትችላለች። የእንስሳት ተመራማሪዎች በአፈጣጠር ከማን ጋር እንደሚያቀራርቧት ታውቃላችሁ? ከዝሆንና ከሽኮኮ ጋር! በመቅዘፊያ እጆቿ ጫፍ ላይ የዝሆንን የሚመስሉ ጥፍሮች አሏት። ሳሩ ከአሸዋ ጋር ወደ አፏ ስለሚገባ ጥርሶቿ ቶሎ ይበላሉ፤ ነገር ግን ከኋላ አዳዲስ ጥርሶች እየበቀሉ ወደ ፊት ይገፋሉ፣ ያረጁት ከፊት ይወድቃሉ። ዕድሜዋን በሙሉ እንዲህ ነው። ሱብሐነላህ! ሪዝቋን የወሰነላት ጌታ ማኘኪያዋንም አልነፈጋትም።

ቀንድ የላትም፣ መርዝ የላትም፣ ጥርሶቿም መንጋጋ ብቻ ናቸው። አሳድዳ የምትበላው እንስሳ የለም። የሚያጠቃት ቢመጣ መሸሽ እንጂ መዋጋት አታውቅም።

ያን ግዙፍ ሰውነት ያየ ሰው "ይህቺን ብርድ የት ያገኛታል!" ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እንደ ዓሣ ነባሪ ሙቀት የሚይዝ ወፍራም የስብ ሽፋን የላትም፤ ሰውነቷ ከምትበላው ሳር ሙቀት የሚያመነጨውም በዝግታ ነው። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ወርዶ ከሰነበተ ትታመማለች፤ ቆዳዋ ይቆስላል፤ መብላት ትተዋለች፤ በመጨረሻም ትሞታለች። ስለዚህ በዚያ አገር ብርዱ ሲገባና ባሕሩ ሲቀዘቅዝ ወደ ምንጮቹ ትጓዛለች።

አላህ በሱረቱ ዙመር 21ኛ አንቀጽ ከሰማይ ውሃ አውርዶ በምድር ውስጥ ምንጮች እንዳደረገው እንድናስተውል ይጠይቀናል። የፍሎሪዳ ምንጮችን የሚያይ ሰው ይህን አንቀጽ በዓይኑ ያየው ያህል ነው። ዝናቡ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ይወርዳል፣ ከመሬት በታች ይጠራቀማል፣ ከዚያ በምንጭ ዓይን ይፈልቃል። ላይ ያለው አየር ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም የሚፈልቀው ውሃ ዓመቱን ሙሉ 22 ዲግሪ ገደማ ነው። ክሪስታል ሪቨር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኪንግስ ቤይ በሚሉት ስፍራ፣ ብርዱ በጠና ቀን ማናቲዎች በመቶዎች ሆነው ይሰበሰባሉ። አስተውሉ! ለእነርሱ ሕይወት ማለት የ2 ወይም የ3 ዲግሪ ልዩነት ነው።

ሰዎችም እነርሱን ለማየት ወደዚያው ይሄዳሉ። ዐውራውን ሸፍኖ፣ ሶላቱን ሳያሳልፍ፣ ከቤተሰቡ ጋር የአላህን ፍጥረት የሚያይ ሰው ሐላል መዝናኛ ላይ ነው፤ ልቡ ካስተነተነ ደግሞ ዒባዳ ይሆንለታል። በክሪስታል ሪቨር ከማናቲ ጋር መዋኘት የተፈቀደ ነው፤ ግን ሥርዓት አለው። አትከተላት፤ ከመጣች እሷ ትምጣ። አትክበባት። አትጋልባት። አትመግባት። የተኛችውን አትቀስቅስ። እናትን ከልጇ አትለይ። በምልክት የተከለለው ስፍራ የእሷ ብቻ ነው፤ ሰው አያልፈውም። ውሃ ማንቦጫረቅ የለም፤ የታችኛውን ደለል በእግር ማስነሳትም የለም፤ የተረበሸች ማናቲ ትሄዳለችና። ብርዱ በጣም በጠና ጊዜ ደግሞ ሦስቱ እህቶች የሚባለው ምንጭ ለዋናተኛ ጭራሽ ይዘጋል። ብሉ ስፕሪንግ በተባለው ሌላ ፓርክ ማናቲዎቹ ባሉበት ወቅት ሰው ከዳር ቆሞ ያያል እንጂ ውሃው ውስጥ አይገባም።

"እናትን ከልጇ አትለይ" የሚለውን ስሰማ አቡ ዳውድ የዘገቡት ሐዲስ ትዝ አለኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ሳሉ ሰሓቦች የአንዲትን ወፍ ጫጩቶች ወሰዱ። እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች መጣች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያዩዋት በልጆቿ ማን እንዳስጨነቃት ጠየቁ፤ ልጆቿንም እንዲመልሱላት አዘዙ። ሰሓቦቹ ጨካኞች አልነበሩም። ጫጩት ደስ ይላል፤ ደስ ስላላቸው አነሱት። ነቢዩ ግን የእናቲቱን ጭንቀት አዩ። እኛ ደስ የሚለንን ስናነሳ ከላያችን ክንፉን የሚያርገበግበውን ስንቶቻችን ቀና ብለን እናያለን?

ወንድሜ ሆይ! እህቴ ሆይ! የዛሬው ትምህርታችን እዚህ ጋ ነው። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ጠልቶ አይደለም፤ ቸኩሎ ነው። ሳያይ ነው። አንዳንዴም ወድዶ ነው።

ማናቲን በብዛት ከሚያቆስሉትና ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ የሞተር ጀልባ ነው። እሷ ዝግተኛ ናት፤ ለመተንፈስም ወደ ላይ ትወጣለች፤ ጀልባው ፈጥኖ ይደርስባታል። ጀርባቸው በጀልባ ያልተተለተለ ማናቲዎች ጥቂት ከመሆናቸው የተነሳ፣ ተመራማሪዎች አንዷን ከሌላዋ የሚለዩት በጠባሳዋ ነው። ጠባሳዋን ፎቶ አንስተው ይመዘግባሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ስትመጣ በጠባሳዋ ያውቋታል። መታወቂያዋ የኛ ጥድፊያ ነው ማለት ነው። ጀልባውን የነዳውን ሰው ብትጠይቁት ደግሞ ልጆቹን ይዞ ለመዝናናት የወጣ ደግ አባት ነው። አላያትም። በቃ።

አላህ በሱረቱ ነምል 18ኛ አንቀጽ የአንዲት ጉንዳንን ንግግር ተርኮልናል። ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ከነሠራዊታቸው ሲመጡ አይታ ጓደኞቿን ወደ ቤታችሁ ግቡ አለቻቸው፤ ሱለይማንና ሠራዊቱ ሳያውቁ እንዳይረግጧችሁ ብላ አስጠነቀቀቻቸው። "ሳያውቁ" የምትለዋን አስተውሉ። ጉንዳኗ በሱለይማን ክፉ አልጠረጠረችም። ጻድቅ ንጉሥ መሆናቸውን ብታውቅም እግራቸው ግን ከባድ መሆኑን አልረሳችም። ሱለይማንስ ምን አደረጉ? በ19ኛው አንቀጽ እንደተነገረን ፈገግ አሉ፤ ወዲያውም ጌታቸው የዋለላቸውን ጸጋ ለማመስገንና መልካም ለመሥራት እንዲረዳቸው ለመኑ። ትልቅ ሰው ማለት ከእግሩ ሥር ያለችውን የጉንዳን ድምፅ የሰማ ነው።

ሳያውቅ የተሳሳተን ባሪያ አላህ ይምረዋል፤ ይህ ከእዝነቱ ነው። ተነግሮት፣ ምልክቱን አይቶ ጀልባውን ያላዘገየ ሰው ግን "አላየሁም" የማለት መብቱ ምን ያህል ነው?

ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻም አይደለም። በ2021 በፍሎሪዳ 1,100 ያህል ማናቲዎች ሞቱ። በምሥራቁ የባሕር ዳርቻ ብዙዎቹን የጨረሳቸው ረሃብ ነው። ማዳበሪያና የቤት ፍሳሽ ለዓመታት ወደ ውሃው ገባ፤ አልጌው በዛ፤ ውሃው ጨለመ፤ ብርሃን ያጣው የባሕር ሳር ሞተ። ነገሩ እስከዚህ ስለከፋ የመንግሥት ሠራተኞች ለዱር እንስሳ ሰላጣ ቅጠል እየጣሉ መመገብ ጀመሩ። ማንም ማናቲ ልግደል ብሎ አላሰበም። አንዱ የግቢውን ሳር ሊያለመልም ማዳበሪያ በተነ፤ ሌላው የመጸዳጃ ጉድጓዱን ሳያስጠግን ቆየ። ሱረቱ ሩም 41ኛው አንቀጽ በየብስም በባሕርም ብልሽት የተገለጠው የሰው እጅ በሠራው ምክንያት መሆኑን ሲነግረን ይህን የመሰለውን ሁሉ ያካትታል።

በሌላ በኩል ተስፋም አለ። በኪንግስ ቤይ ሰዎች ጠላቂ ዋናተኞችን አሰማርተው የታችኛውን አልጌ በመምጠጫ አጽድተዋል፤ በእጃቸውም የውሃ ሳር ተክለዋል፤ ሳሩም በቅሏል። የሰው እጅ ያበላሸውን የሰው እጅ ሲያስተካክል ማየት የተውበት ትርጉም ነው። ተውበት በምላስ ብቻ አያልቅም፤ የነቀልከውን መትከልም አለበት።

ከማናቲ ዘመዶች መካከል ግን ተውበት ያልደረሰላትም ነበረች። በ1741 ጆርጅ ሽቴለር የተባለ ተመራማሪ በሩሲያና በአላስካ መካከል ባለው ቀዝቃዛ ባሕር ከማናቲ ብዙ እጥፍ የምትበልጥ የባሕር ላም አየና መዘገበ። የዋህ ነበረች፤ ከሰው አትሸሽም። የቆሰለች ስትኖር ሌሎቹ ወደ እሷ ይሰበሰቡ እንደነበር ጽፏል። በዚያ የሚያልፉ አዳኞች ለሥጋዋ ሲሉ ፈጇት። በ1768 የመጨረሻዋ ተገደለች። ከታወቀች 27 ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየችም። የዋህነቷን እንደ ፈቃድ ቆጠሩት።

አሁን ወደራሳችን እንመለስ። በየቤታችን፣ በየመስጂዳችን፣ በየመድረሳችን ብርድ ሸሽቶ የመጣ አለ። ሲቆጡት የማይመልስ አለ። ዝምታውን "አልተጎዳም" ብለን የምንተረጉመው አለ። አካሉ ግዙፍ ስለሆነ፣ ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ብርድ አይሰማውም የምንለው አባት አለ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰው ሁሉ የላቁ ሆነው ሳለ አላህ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 159ኛ አንቀጽ የነገራቸውን አስቡ። ለሰዎች የለዘቡት ከአላህ በሆነ እዝነት ነው፤ ክፉና ልበ ደረቅ ቢሆኑ ኖሮ ሰዎች ከዙሪያቸው በተበተኑ ነበር። ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ ሆነው፣ እውነቱ በእጃቸው ሆኖ፣ ቢደርቁ ሰው ይሸሻቸው ነበር! ታዲያ እኔና አንተ ማን ሆነን ነው "እውነት ስለተናገርኩ ይስማኝ" የምንለው?

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የገጠሬውን ዐረብ ታሪክ ታውቁታላችሁ። መስጂድ ውስጥ ቆሞ ሸና። ሰሓቦች ተቆጥተው ተነሱበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተዉት፣ አታቋርጡት አሉ። ሲጨርስ በላዩ ላይ ውሃ እንዲፈስበት አዘዙ፤ ሰውየውንም ጠርተው መስጂድ ለምን እንደተሠራ በለስላሳ ቃል አስረዱት። የቆሸሸውን መሬት አንድ ባልዲ ውሃ ያጠራዋል። የሸሸን ልብ ግን ባልዲ አይመልሰውም።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንቢተኛ ግመል ላይ ተቀምጠው ወዲያና ወዲህ ሲያንገላቱት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልዝብ እንዲሆኑ መከሯቸው። ልዝብነት ያለበት ነገር ሁሉ እንደሚያምር፣ የተነፈገው ነገር ሁሉ እንደሚያስቀይምም አስተማሯቸው። ሙስሊም ዘግበውታል። ትምህርቱ የተሰጠው ለግመል ነው። ለሰው ልጅማ ምን ያህል ይሆን!

የጓደኛዬ መልስ ለምን እንቅልፍ እንደነሳኝ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር።

ከዓመታት በፊት በአንድ መድረሳ ልጆች አስቀራ ነበር። ዕድሜው 9 ወይም 10 የሚሆን አንድ ደረሳ ነበረኝ። ዝምተኛ ነው። ድምፁ የሚሰማው ሲቀራ ብቻ ነው፤ ሲቀራ ደግሞ ደስ ይላል። ክፋቱ ያረፍዳል። አንድ ጠዋት በልጆቹ ሁሉ ፊት ጮህኩበት። "የምትመጣ ከሆነ በሰዓቱ ና፤ ካልሆነ አትምጣ!" አልኩት። አላለቀሰም። አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ሙስሐፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። በማግሥቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። "ልጅ ነው፤ ይመለሳል" ብዬ ተውኩት። ከወር በላይ ቆይቶ ከአንድ ጎረቤታቸው ሰማሁ። እናቱ ታማ ስለነበር ትንሽ እህቱን አልብሶ፣ አብልቶ፣ ሰው ዘንድ አድርሶ ነበር የሚመጣው። ቤታቸውን ጠይቄ ስሄድ ለቀው ሄደዋል። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። እስከ ዛሬም አላገኘሁትም።

በዱላ አልነካሁትም። የተናገርኩትም ሐሰት አልነበረም፤ አርፍዶ ነበር። ኒያዬም ሥርዓት ማስያዝ ነበር። ያ ልጅ ግን ወደኛ የሚመጣው ከብርድ ሸሽቶ ነው፤ እኔ ውሃውን አደፈረስኩበት። ወዴት እንደሄደ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ከሆነ ወይም የሚያውቀው ካለ፣ ዐፉ በለኝ እለዋለሁ። ካልደረሰው ደግሞ ለእርሱ ዱዓ ማድረግን አልተውም።

ስለዚህ በዚህ ጁሙዓ ለራሴም ለእናንተም የምለው ይህን ነው።

መስጂድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣን ወጣት ሱሪውን፣ ፀጉሩን፣ ጠረኑን አይታችሁ አትዝመቱበት። እግሩ እዚያ እስኪደርስ ስንት ብርድ እንዳለፈ አታውቁም። መጀመሪያ ይሙቀው። ትምህርቱ ይደርሳል።

ልጅ አዝላ የመጣችን እናት በዓይናችሁ አታስወጧት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶላት ላይ ሆነው የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ የእናቲቱን ጭንቀት አስበው ሶላታቸውን ያሳጥሩ ነበር።

ቤታችሁ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ካለች ከናንተ ቤት ሌላ መሄጃ የሌላት መሆኗን አትርሱ። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) 10 ዓመት ሲያገለግሉ አንድ ቀን እንኳ ኡፍ እንዳላሏቸው መስክረዋል። የኛዋ ልጅ ነገ ምን ትመሰክር ይሆን?

የምትወዱትንም ሰው አታጨናንቁ። ወዳጅነት ሁልጊዜ መንካት አይደለም። አንዳንዴ እጅህን ደረትህ ላይ አጣምረህ፣ እርሱ እስኪቀርብህ መጠበቅ ነው።

የሸሸባችሁ ሰው ካለም ዛሬውኑ ፈልጉት። "ይመለሳል" ብላችሁ አትጠብቁ። እኔ ጠብቄ ነው ያጣሁት።

አላህ በሱረቱል አንዓም 38ኛ አንቀጽ እንስሳትና አእዋፍ እንደኛው ኡመቶች መሆናቸውን፣ መጨረሻም ወደ ጌታቸው እንደሚሰበሰቡ ነግሮናል። በዚያ ቀን ጠባሳ ያለበት ሁሉ ጠባሳውን ይዞ ይመጣል። የኛ አሻራ ያለበት ጠባሳ እንዳይገኝ ዛሬ እንፍራ።

ያ አላህ! ልባችንን አለስልስልን፤ አንደበታችንን አለዝብልን። አውቀን የበደልነውንም ሳናውቅ የረገጥነውንም ማረን። ከኛ የተነሳ ከቤትህ የራቀን ሰው አንተ በእዝነትህ መልሰው። ለደካሞች መጠለያ እንጂ መሸሻ ምክንያት አታድርገን። ያቺን ድምፅ የሌላት ፍጡር ሞቃት ምንጭ ያዘጋጀህላት ጌታ ሆይ፣ እኛንም ከጀሀነም እሳትም ከቅዝቃዜዋም ጠብቀን። ኣሚን።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማብዛት አትርሱ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።